ለብቻው የሚታጠብ ማልያ

ደጋፊ ሆኖ የማይጮኽ ሰው አይታችሁ እንደሆነ እንጃ፤ የሺ እንደዚያ ናት። እሑድ እሑድ ዶራ ከሚባለው ሰፈር ጀርባ ባለችው የኪራይ ሜዳ ዳር፣ ሌሎቹ ጄሪካን ሲደበድቡና ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ሲዘፍኑ፣ እሷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ኳሷን በዓይኗ ብቻ ትከተላለች። ጎል ሲገባ እንኳ የምታደርገው ነገር ቢኖር የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ መያዝ ነው። አዲስ የመጡ ልጆች ያመማት እየመሰላቸው ውሃ ያቀብሏታል። የቆዩት ግን አመሏን ያውቃሉ። የሺ ስድስት ቀን ሙሉ አንዲት ቃል ስትደጋግም ትከርማለች፤ በሰባተኛው ቀን ዝም ማለት ዕረፍቷ ነው።

ያቺ የዓረብኛ ቃል «ሃደር» ናት። እሺ፣ መጣሁ፣ ይኸው አለሁ እንደ ማለት ነው። ፋናር ዳገት ላይ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ ፎቅ ውስጥ፣ የሺ ለማዳም ሰልማ ሃደር ስትል አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። ማዳም ሰልማ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ካናዳ የገቡ አሮጊት ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። «ሜርሲ የሺ» ማለት አይረሱም፣ እሑድንም አይከለክሉም። ግን ከሳሎን ይጠሯታል፣ ከመኝታ ቤት ይጠሯታል፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ተሰቅሎ መነጽር ፈልጊልኝ ብለው ይጠሯታል። አንዳንዴ ከጠሯት በኋላ ለምን እንደጠሯት ይረሱታል። የሺም እጇን እያደራረቀች መጥታ፣ ቆማ ጠብቃ፣ ወደ ወጥ ቤቷ ትመለሳለች። በሕልሟ ሳይቀር ሃደር ስትል ሰምቻታለሁ ብለው ማዳም ሰልማ ለጎረቤት ሲያወሩ ይስቃሉ። የሺ ግን ይህን ስትሰማ አይስቃትም።

እሑድን ለየሺ እሑድ ያደረገችላት እሙሽ ናት። እሙሽ ዶራ ውስጥ፣ ቫኖቹ ከሚቆሙበት አደባባይ ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ ፀጉር ትሠራለች። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ስትቆጣ ግን የምታስፈራ ሴት ናት። የአገሯ ሴቶች የሚጫወቱበትን የእግር ኳስ ቡድን «አደይ» ብላ ስም ያወጣችለት፣ ደጋፊውን የሰበሰበችው፣ ጄሪካኑንም እንደ ከበሮ የምትመታው እሷ ናት። የሺ የእናቷ መርዶ በስልክ የመጣባት ጊዜ፣ እሙሽ ያቺን አንዲት ክፍል ባዶ አድርጋ፣ ፍራሽ አንጥፋ ለቅሶ አስቀመጠቻት። ፈቃድ ያገኙት መጥተው፣ ያላገኙት በስልክ እያለቀሱ አጽናኗት። ከዚያ ወዲህ የሺ በዚህ አገር ሰው አለኝ ስትል እሙሽንና የአደይን ልጆች ማለቷ ነው። ሌላ ማንም የላትም።

ለዚህ ውለታ የምትከፍለው በሳሙና ነው። በጋራ ተከራይተው የሚኖሩት ልጆች የልብስ ማጠቢያ ማሽን የላቸውም፤ ውሃውም መብራቱም ሲያሻው ነው የሚመጣው። ማዳም ሰልማ ዘንድ ግን ማሽን አለ። ሰዉ ኢሽቲራክ የሚለው የጄኔሬተር መብራትም ጠዋትና ማታ ይመጣል። ስለዚህ የአደይ ማልያ ከጨዋታ በኋላ ጆንያ ውስጥ ታጭቆ ፋናር ይወጣል፤ ታጥቦ ተተኩሶ በሚቀጥለው እሑድ ይወርዳል። በነጩ ማልያ ግራ ደረት ላይ ያለችውን ቢጫ አደይ አበባም በመርፌ የጠለፈችው የሺ ናት። ማዳም ሰልማ የጆንያውን ነገር ያውቃሉ። ሳሙናው ቶሎ አለቀ ብለው ያጉረመርማሉ እንጂ አንድም ቀን ተዪው አላሏትም።

አሁን ወደ ቦሰና እንምጣ። በአደይ ደጋፊ ፊት ይህ ስም አይነሳም፤ እኛ ግን ካላነሳነው ወሬው አይሄድልንም።

ቦሰና ቀጭን፣ ረጅም፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ናት። አደይ ውስጥ ሰባት ቁጥር ለብሳ ስትጫወት በነበረ ጊዜ፣ ኳስ የማይወዱ ሰዎች ሳይቀሩ እሷን ለማየት ይመጡ ነበር። እሙሽ እንደ ልጇ ነበር የምታያት። ፀጉሯን በነፃ ትሠራላታለች፣ ከድስቱ ሥጋውን መርጣ ለእሷ ታወጣላታለች። ከዕለታት አንድ ቀን ቦሰና ከማዳሟ ቤት ጠፋች። ስልኳም ተዘጋ። እሙሽ ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥታ ከረመች፤ ያላስደወለችበት፣ ያላስጠየቀችበት ቦታ የለም። ቦሰና የተገኘችው አደይ ከቡርጅ ኤል ባራጅነህ ሰፈር ልጆች ጋር በሚጫወትበት ቀን ነው። ጥቁር ማልያ ለብሳ፣ ከቡርጆቹ ጋር ተሰልፋ መጣች። ሁለት ጎል አገባችባቸው። የአደይ ደጋፊዎች «ጠፊ! ከማዳሟ የጠፋች!» እያሉ ሲጮኹባት፣ ፊት ለፊታቸው መጥታ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ዝም በሉ ማለቷ ነበር።

ይህ አልተረሳም። እንዲያውም በየሳምንቱ ይታከልበት ጀመር። የአደይን ማልያ በክብሪት አቃጥላዋለች ተባለ፤ ያየ ሰው አልነበረም፣ ያልማለ ሰውም አልነበረም። ዳኛ ትሳደባለች፣ ሳይነኳት ትወድቃለች ተባለ። ይኼኛው እንኳ እውነት ነው። በእጇ ያገባችው ጎልም አለ። ስትጠየቅ «ዳኛው ያላየውን እኔ ልመስክር?» ብላ ዓይኗን ሳታሽ መለሰች። እሙሽ ስሟን ከሰማች ቆሽቷ ያርራል። ሲነሳባት ትቆጣለች፣ ሳይነሳ ሲቀር ደግሞ ራሷ ታነሳዋለች።

የሺ ግን ቦሰናን ትወዳታለች። ለማንም አልተናገረችም እንጂ በጣም ነው የምትወዳት። ቦሰና ኳሷን ስትይዝ የራሷ ቡድን ሰዎች ከአግዳሚው ላይ ተነሥተው «አቀብይ! ተመለሺ!» እያሉ ይጮኻሉ። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወደ ፈለገችበት ትሄዳለች። ሲጠሯት ዞር የማትል ሴት ናት። የሺ ይህን ባየች ቁጥር ደረቷ ውስጥ ታስሮ የከረመ ነገር ይላላላታል። በስሟ ስትጠራ ውላ ለምታድር ሴት፣ ሰው ሁሉ ጮኾ መልስ ሲያጣ ማየት ምን ያህል እንደሚያጠግብ የሚገባው ይገባዋል። ያ የነጠላ ጫፍ አፏ ላይ የሚያዘውም ቦሰና ጎል ስታገባ ነው፤ ፈገግታዋን የምትደብቅበት ነው።

የጣቷንም ነገር ሌሎቹ እንደተረዱት አልተረዳችውም። ልጅቷ የመኖሪያ ወረቀት የላትም። አደባባይ ላይ «የጠፋች» እያሉ ሲጮኹባት ማን ቆሞ እንደሚሰማ አይታወቅም። ዝም በሉ ያለቻቸው ስለ ጎሉ ላይሆን ይችላል። ግን ይህን ለእሙሽ የሚነግር ደፋር ከየት ይምጣ? የሺም አፏን ይዛ ሁለት ዓመት አለፈ።

አደይና ቡርጅ የተጋጠሙበት ያ እሑድ የጠብ እሑድ ነበር። ቦሰና ሊያበቃ ሲል ጎል አገባች፤ አደዮች ከጨዋታ ውጭ ነበረች ብለው ዳኛውን ሙዘሚልን ከበቡት፤ ሙዘሚልም ነገሩ እንደማያምር ሲያይ ፊሽካውን ኪሱ ከትቶ ወጣ፤ ጨዋታው በሚቀጥለው እሑድ ይደገም ተባለ። ልብስ የሚቀየረው ሁለቱም ቡድን በሚጋራው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ መገፋፋትና መሰዳደብ ሆነ፣ ልብስ ከልብስ ተደባለቀ። ቦሰና እንደ ልማዷ ረጅሙን ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ሻሿን ጠምጥማ፣ ማንም ሳያያት በቫን ወደ ቡርጅ ሄደች። የሺም ወለሉ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቃ ወደ ፋናር ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ጆንያውን ስትገለብጠው ከነጮቹ መሐል አንድ ጥቁር ወደቀ። ሰባት ቁጥር ነው። የሺ ማልያውን ጭኗ ላይ አድርጋ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለች።

የሺን እጥበት የሚያስተምራት ሰው የለም። ነጩን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ፣ የማዳምን ሐር በእጅ፤ ይህን ዓይኗን ጨፍና ትሠራዋለች። ያን ቀን ግን ሁሉንም አንድ ላይ ከተተችው። ኢሽቲራክ ሊሄድ ጥቂት ቀርቶት ነበር፣ ሁለት ዙር አይደርስም ነበር ብላ ታመካኛለች። በሳፋ ማጠብ አይቻልም ነበር ወይ ብትሏት ወሬ ትቀይራለች። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሰባት ቁጥር ከአደይ ማልያዎች ጋር እንደ ድሮው አንድ ላይ ሲዞር ማየት አምሯት ነው። ማሽኑ ፊት ተቀምጣ በመስተዋቱ ታየው ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ሰማያዊ መሰለ። ከዚያ ጠቆረ። የሺ በሩን ብትጎትት አልከፈት አላት፤ ያ ማሽን አንዴ ከጀመረ ሳይጨርስ አይለቅም።

ሲጨርስ ያወጣችው አመድ የመሰለ ልብስ ነበር። በረንዳው ገመድ ላይ እየሰቀለች እያለ ማዳም ሰልማ ብቅ አሉና «ሹ ሃይዳ፣ የሺ?» ብለው ጠየቁ። ምን ጉድ ነው ማለታቸው ነው። ነጮቹን ማልያዎች ያስታውሷቸዋል። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው እያንዳንዱን አዩና፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በኋላም አዘኑላትና በረኪና እንድትሞክር ነገሯት። በረኪናው አመዱን ዥንጉርጉር አደረገው እንጂ ነጭ አላደረገውም።

የባሰው የመጣው ከላይ ነው። ከዚያው ሕንጻ ሁለት ፎቅ ከፍ ብላ የምትሠራው ሃይሚ፣ ምንጣፍ ልታራግፍ በረንዳ ወጥታ ቁልቁል አየች። ሃይሚ የአደይ ደጋፊ ናት፤ እሷ አየች ማለት ዶራ በሙሉ አየ ማለት ነው። ፎቶ አንስታ የደጋፊዎቹ የስልክ ቡድን ላይ ለጠፈችው።

የሺ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ የድምፅ መልእክቱን አንድ በአንድ አዳመጠች። መጀመሪያ ስለ አመዱ ለቅሶ ሆነ። ቀጥሎ አንዷ ጥቁሯን ሰባት ቁጥር ከጥግ ተሰቅላ አየቻት፣ ከዚያ በኋላ ወሬው ሌላ ሆነ። ያጠቆረችን እሷ ናት፣ ማልያዋ እንኳ ክፉ ነው ተባለ። አንደኛዋ መተት ነው ብላ ማለች። የሺ የኔ ጥፋት ነው፣ ለይቼ ማጠብ ነበረብኝ ብላ ብትልክም የሰማት የለም። መጨረሻ ላይ የእሙሽ ድምፅ መጣ።

«የሺዬ፣ እጅሽ ይባረክ። ምርኮ ገባልን። እሑድ ይዘሽው ነይ፤ ማምሰሃ እናደርገዋለን።»

ማምሰሃ የወለል መወልወያ ጨርቅ ነው፤ ይህም የአደይ ደጋፊዎች ወግ ነው። ከተቃራኒ ቡድን የወደቀ ነገር እጃቸው ከገባ ምርኮ ይባላል። በሚቀጥለው ጨዋታ ባልዲ ይመጣና፣ ምርኮው ውሃ ተነክሮ፣ መጥረጊያ እንጨት ላይ ተጠምጥሞ፣ የአግዳሚው ሥር በሰው ሁሉ ፊት ይወለወልበታል። ሳምንቱን የሰው ወለል ሲወለውሉ የከረሙ ሴቶች ስለሆኑ፣ በዚህ ጨዋታ የሚስቁትን ሳቅ ሌላ ቦታ አይስቁትም። አንድ ጊዜ የቡርጅ ደጋፊዎችን የአንገት ልብስ እንዲህ አድርገውት፣ የሺም ቆማ ስቃለች። ያኔ ነውር አልመሰላትም ነበር።

ማታ ማዳም ሰልማ ቴሌቪዥናቸውን ሲያዩ ማልያዎቹን ለመተኮስ ተቀመጠች። የጥቁሯ ደረት ላይ የቡርጅ ቡድን ምልክት፣ የግንብ ሥዕል ያለበት ቁራጭ ጨርቅ ተሰፍቷል። በፍል ውሃው ጠርዙ ተላቆ ተንጠልጥሏል። የሺ ልትሰፋው መርፌ ይዛ ጨርቁን ቀና አደረገችው። ከሥሩ ቢጫ ነገር አየች።

አደይ አበባ ነበረች። ያ ክር ፖሊስተር ስለሆነ ቀለም አይጠጣም፤ ማልያው ሲጠቁር አበባዋ ቢጫ እንደሆነች ቀርታለች። የሺ ዳር ዳሯን በጣቷ ቆጠረች። ሰባት ቅጠል ብቻ ነበራት። ያኔ ስትጠልፍ ክሩ አልቆባት፣ የሌሎቹን ስምንት የቦሰናን ሰባት አድርጋ፣ ሰባት ቁጥር ስለሆንሽ ነው ብላ ቀልዳባት ነበር። ተቃጠለ የተባለው ማልያ ይኸው ነው። ልጅቷ ጥቁር ቀለም ነክራው፣ አበባዋን ሳትተረትር በጨርቅ ሸፍና፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በእነሱው ላይ ስትጫወትበት ኖራለች። የሺ ካውያውን አጥፍታ ማልያውን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «የሺ!» ሲሉ ማዳም ሰልማ ከሳሎን ተጣሩ። «ሃደር» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

ሳምንቱን ሁሉ ልቧ ቅቤ እንደጠጣ ከረመ። እሙሽ ይህን አበባ ብታይ ነገር ሁሉ ያልቃል ብላ አሰበች። ቂሙ ይበርዳል፣ ባልዲው ይደፋል፣ እሷም ከእሙሽ ሳትጣላ ቦሰናን ታድናለች። የግንቡን ጨርቅ መልሳ ሰፋችው፤ ግን በሁለት ሦስት ስፌት ብቻ፣ ሲፈልጉ በጥርስ እንዲበጠስ አድርጋ። ቅዳሜ እያለ እሑድ ናፈቃት።

እሑድ ሜዳው ስትደርስ ባልዲው ውሃ ተሞልቶ ቆሟል። እሙሽ መጥረጊያ እንጨቱን እንደ ጦር ይዛዋለች። ደጋፊው ከወትሮው እጥፍ ነው፤ እሑድ ፈቃድ ያገኘ ሁሉ ለምርኮው መጥቷል። ስልክ ያልደገነ እጅ የለም። የሺ ጆንያዋን አስቀመጠች። አመዶቹ ማልያዎች ሲወጡ ተሳቀ፣ ተጫዋቾቹም እየተሰዳደቡ ለበሷቸው። ጥቁሯ ቀረች። የሺ እንዳሰበችው እሙሽን ወደ ጥግ ወስዳ ልታሳያት ብትሞክር፣ እሙሽ «ያላ፣ አምጪዋ» ብላ እጇን ዘረጋች። ልጆቹም ከበቧት።

ያኔ ነው የሺ የገባት። አበባዋን ማሳየት ማለት፣ ልጅቷ ሁለት ዓመት ከሰው ዓይን የደበቀችውን ነገር በዚህ ሁሉ ስልክ ፊት መግለጥ ነው። ሳይመሽ ቡርጅም ያየዋል። ቡርጆች የጠላት ማልያ ስትለብስልን ኖራ ቢሏትስ? የምታድርበት ፍራሽ እነሱው ዘንድ አይደለም ወይ? የሺ ሜዳውን አሻግራ አየች። ቦሰና ከወዲያ ማዶ፣ ቁጥር የሌለው፣ ትከሻዋ ላይ የሚንሸራተት የተዋሰችው ልብስ ለብሳ ቆማለች። ባልዲውን አይታዋለች። ለምን እንደቆመም ታውቃለች፤ አደይ ውስጥ ሳለች ያንን እንጨት የምትይዘው እሷ ነበረች።

የሺ ማልያውን ከጆንያው አወጣች። አጣጥፋ እንደ ቦርሳዋ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ከዚያ የሜዳውን ነጭ መስመር ተሻገረች።

«የሺ፣ ወዴት ነሽ?» አለች እሙሽ።

የሺ ሄደች።

«የሺ! ከዚያች መስመር ካለፍሽ ወደኛ እንዳትመለሺ፤ ሰምተሻል?»

ሰምታለች። ከኋላዋ ሃይሚ ጠራቻት፣ ሌሎቹም ጠሩ፣ ሜዳው በስሟ ተሞላ። የሺ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስሟ ተጠርቶ ዞር ሳትል የቀረችበት ቀን አልነበረም። ሃደር የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጣች፤ ዋጠቻት። የለቅሶው ፍራሽ፣ የእሙሽ ክፍል፣ ያ ሁሉ እሑድ ከጀርባዋ ሲቀር እየታወቃት ሄደች። ፈራች፣ አዘነችም። ግን አልዞረችም።

ቦሰና ማልያውን ስትቀበላት አላመሰገነችም። አውራ ጣቷን ደረቱ ላይ አስኬደችና ስፌቱን አየች።

«እትዬ የሺ፣ ነካሽው?»

«ተላቆ ነበር። መልሼ ሰፋሁት።»

«አየሻት?»

«አየኋት።»

ቦሰና ወደ ባሕሩ በኩል አየች። «ሌላ ማልያ አልነበረኝም። ያኒ ራቁቴን ልጫወት?» አለች። ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለእሙሽም ቢሆን እንዳትነግሪያት» አለች።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ማልያ ካልተገኘ ቡርጅ ውስጥ ሱቅ የለም ማለት ነው። የሺ ይህን አላለቻትም። አልናገርም ብላ ቃል ገባችላት። ከእሙሽ ጋር ሊያስታርቃት የሚችለው አንድ ነገር ያ ነበር፤ እሱንም እዚያው መስመር ላይ ትታው ሄደች።

ጨዋታውን ከጎሉ ጀርባ፣ ከማንም ሳትሆን ብቻዋን ቆማ አየችው። የቡርጅ ደጋፊዎች ሰላይ መስላቸው በጎን ያዩዋታል። የአደዮቹ ጄሪካን ይመታል፣ ግን የእሙሽ እጅ እንደ ወትሮው አይደለም፤ ከዘፈኑ ጋር አይገጥምም። አደይ አንድ አገባ። ቦሰና ሦስት ሰው አልፋ፣ አቀብይ ሲሏት ሳትሰማ፣ አንድ መለሰች። የሺ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ልትወስድ እጇን አንስታ ተወችው። የምትሸፍነው ሰው ስላልነበረ ፊት ለፊት ፈገግ አለች። ወዲያው ሆድ ባሳትና እንባዋ መጣ።

አንድ ለአንድ አለቀ። አመዶቹ ማልያዎች እንደ ልማዱ አንድ ቦታ ተከመሩ፣ ጆንያውም አጠገባቸው ተጣለ። በሌላ ቀን የሺ ተንበርክካ የምትሞላው ሰዓት ነበር። ዛሬ ግን ያቺን መስመር አልፋ መሄድ ይፈቀድላት እንደሆነ አላወቀችም። ከሩቅ ቆመች። የሚጠራትም የለም። እንዲህ አለመጠራት ደግሞ ምንኛ ይከብዳል።

ያኔ ቦሰና ተንቀሳቀሰች። ጥቁሯን ማልያ አወለቀች፤ ከሥሯ እጅጌ ያለው ልብስ ለብሳለች። እየሄደች ሜዳውን ሰንጥቃ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እግሯ ወዳልረገጠው የአደይ ወገን ገባች። እሙሽ ፊት ቆመችና ማልያዋን ከክምሩ ላይ አኖረችው።

«ይሄ ለብቻው ነው የሚታጠበው» አለች። «ቀለም ይለቃል።»

ስልክ ያነሱ ነበሩ፣ መልሰው አወረዱት። እሙሽ ጎንበስ ብላ ማልያውን አነሳች። ልትወረውረው ነው የመሰለው ሰው ነበር። እሷ ግን ያን የግንብ ጨርቅ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ቀና ብላ የሺን ከሩቅ አየቻት። የሺ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች፤ ቃሏ ነውና።

እሙሽ ሁለት ዓመት ሙሉ የተሳደበችው ናፍቆቷን ነበር፤ አሁን የናፈቀቻት ልጅ አጠገቧ ቆማለች።

«በልተሻል?» አለቻት።

«አልበላሁም» አለች ቦሰና።

እሙሽ ባልዲውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ውሃውን ደፋችው። ማልያዋን በጥንቃቄ አጣጥፋ፣ ከአመዶቹ ለይታ በፌስታል ጠቀለለችና ጆንያው ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «የሺ!» ብላ ተጣራች።

የሺ እዚያው እንደቆመች ቀና አለች። ሃደር አላለችም።

«ወዬ» አለች።

«ነይ እንጂ፣ ይህን ጆንያ ብቻዬን ልሸከመው ነው? ጥቁሩ ለብቻው ነው ተብለሻል፤ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ» አለች የሺ፣ መስመሩን እየተሻገረች። የጆንያውን አንድ ጆሮ እሷ ያዘች፣ ሌላውን እሙሽ፤ ቦሰናም ሻሿን ጠምጥማ ከኋላቸው ተከተለች።